ዝም ብዬ ባስተምር ድንኳን ተተከለልኝ

መምህር ነኝ። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ያውም ነቀምቴ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። የሚበቃኝን ያህል ታዝኖልኛል፤ የዛሬው ጨዋታዬም እሱው ነው።

ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ገበያውም፣ ባጃጁም፣ ኳስ ሜዳውም እንደዚያው። አማርኛ ማለት ለእነሱ እኔ ነኝ። ክፍል ስገባ አብሮኝ ይገባል፤ ሲደወል አብሮኝ ይወጣል። እናም ሰባተኛ ክፍሎቼ አማርኛውንም እኔንም በአንድ ዓይን ነበር የሚያዩን፤ በትህትና፣ ከሩቅ፣ በዝምታ። ስገባ ይነሳሉ፣ ተቀመጡ ስላቸው ይቀመጣሉ፣ ጥያቄ ስጠይቅ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። ዝምታ ቤቴ ሞልቶ ተርፏል። የምኖረው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ በአከራዬ በኦቦ ደሳለኝ ግቢ ውስጥ ከኋላ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ሚስት የለኝም፤ ዘመዴ ጎጃም ያለችው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷንም መንገዱ እንደ ልብ ስለማያስኬድ ካየኋት ቆይቻለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽሮዬን እሠራና "ጨው አነሰ እንዴ?" ብዬ እጠይቃለሁ። "ትንሽ አንሷል" ብዬ እመልሳለሁ። አንዳንድ ቀን እንከራከራለን። ተኳርፈን የተኛንበትም ጊዜ አለ።

ይኸው ጠባይ ክፍል ድረስ ተከትሎኝ ሄደ። "ቅጽል ማለት ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቅና መልሱን ራሴው እሰጣለሁ። ከዚያ "ጎበዝ!" እላለሁ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። "ገባችሁ?" ስላቸው "አዎ!" ይላሉ በአንድ ድምፅ። ፈተና ሲመጣ ግን የገባው ሁሉ ወጥቶ ሄዶ ይገኛል።

ከሁሉም የምታሳስበኝ ገላኔ ነበረች። መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ደብተሯ ንጹሕ ነው፤ ጽሑፏ ከእኔ ይሻላል። ድምፅዋን ግን ሰምቼው አላውቅም። ስም ስጠራ እጇን ታነሳለች እንጂ "አቤት" አትልም። የዓመቱ መጨረሻ ላይ በቃል የሚሰጥ ፈተና ስላለ አፏን ካልከፈተች መውደቋ ነው፤ ይህን እሷም እኔም እናውቃለን። ምኞቴ ትንሽ ነበረች፤ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እንዲመልስልኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ዳይሬክተሩ ስልጠና ላኩኝ። ስልጠና ስል የለመድነውን ዓይነት፣ ሻይና ብስኩቱ ከትምህርቱ የሚረዝመውን ነበር የጠበቅኩት። አሰልጣኟ ግን ከጎረቤት ወረዳ ከዲጋ የመጣች፣ ስታወራ የማትቸኩል መምህርት ናት። "ጥያቄ ጠይቁና ዝም በሉ" አለችን። "ልጁ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ያስባል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ቋንቋ ይሻገራል። ገና መሐል መንገድ ላይ እያለ መልሱን ስትነግሩት ተመልሶ ይቀመጣል።"

እጄን አወጣሁ። "ምን ያህል ጊዜ ነው ዝም የምንለው?"

"እስኪከብድዎት። ከከበደዎት በኋላ ደግሞ ትንሽ።"

ሌላም ጨመረች። አንድ ልጅ ላይ አታፍጥጡ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። መልሱን ከመጠየቃችሁ በፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ይመካከሩበት። እየጻፍኩ ልቤ በደስታ ዘለለ። ለዝምታው መለኪያም አበጀሁለት። በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን እደግማለሁ፤ ካለቀ እንደገና እጀምራለሁ፤ ትምህርትም ጸሎትም በአንድ ድንጋይ።

ሰኞ ዕለት ወደ ክፍል ስሄድ ምን እመስል እንደነበር መናገር አለብኝ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በመልኬ ነው። በዚያ ሰሞን ነቀምቴ ከላይ ይዘንባል፣ ቧንቧው ጠብ አይልም። ስለዚህ ጺሜን ከተላጨሁ ሰንብቻለሁ። ልብሴ ሁሉ ገመድ ላይ እንደረጠበ ነው፤ ደረቅ ሆኖ የተገኘው ጥቁር ሹራቤ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ጉንፋን ይዞኝ ዓይኔ ያለ ማቋረጥ ያለቅሳል። እኔ ግን መስታወት ፊት የቆምኩት ዝም ማለትን ልለማመድ ብዬ ስለነበር ሌላውን ልብ አላልኩትም።

ገባሁ። "ዛሬ ስለ ቤተሰብ እንነጋገራለን" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ቤተሰብ ማለት ለእናንተ ምንድን ነው?" ጠየቅኩና ዝም አልኩ። አንድ ልጅ ላይ እንዳላፈጥ ብዬ ዓይኔን በመስኮቱ ወደ ዝናቡ ላክሁት። ዓይኔ እንባውን ሲያወርድ በመሐረብ ጠረግሁ። አንዱ አቡነ ዘበሰማያት አለቀ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንደዚያን ቀን ዝምታ ከብዶኝ አያውቅም፤ መልሱ ምላሴ ላይ ቁጭ ብሎ ውጣ ውጣ ይለዋል።

ልጆቹ እኔን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። "በሉ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተመካከሩ" አልኳቸው። ተመካከሩ! ክፍሉ በሹክሹክታ ሞላ። የእኔ አፋን ኦሮሞ ከሰላምታና ከቲማቲም አያልፍም፤ ሆኖም በየመሐሉ "በርሲሳ፣ በርሲሳ" ሲባል ሰማሁ፤ መምህር ማለት ነው። ስለ ቤተሰብ ብጠይቃቸው መምህራቸውን ቤተሰብ ብለው ቆጠሩት ብዬ ደስታዬ ልክ አጣ። ጉንፋኑ ላይ እውነተኛ እንባ ተጨመረበት።

በማግስቱ ሰሌዳው ተጠርጎ፣ ወንበሬ ተወልውሎ ጠበቀኝ። ክፍል ውስጥ የሚንጫጫ የለም። መምህራን ማረፊያ ስገባ ሲሳሳቁ የነበሩት ዝም ይላሉ፤ አንዷ ተነስታ ወንበሯን ትለቅልኛለች። የስልጠናው ፍሬ ከተማውን አዳረሰ ማለት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ አገኙኝና ትከሻዬን ያዙኝ።

"መምህር፣ አይዞዎት። ቻል ያድርጉት።"

"እየቻልኩት ነው" አልኳቸው። "መጀመሪያ ይከብዳል፤ አሁን አሁን እየለመድኩት ነው።"

"ብቻዎን ብቻ እንዳይሆኑ።"

"ብቻዬንማ እንዴት ይሆናል? ልጆቹም ሊያግዙኝ ይገባል እንጂ።"

ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ጉንፋኔ የተላለፈባቸው መስሎኝ አዘንኩላቸው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ያቺን በር አከራዬ እንኳ አንኳኩተዋት አያውቁም፤ የሚፈልጉኝ ከሆነ ከግቢው መሐል ይጣራሉ። ከፈትኩ። ኦቦ ደሳለኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዳይሬክተሩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

በአገራችን ሽማግሌ ጋቢ ተከናንቦ በማለዳ ደጅህ ላይ ከቆመ ምን ይዞ እንደመጣ ማንም አይስተውም። መርዶ ነው። እኔ እነሱ እስኪናገሩ እጠብቃለሁ፤ ለካ እነሱ ደግሞ እኔ እስክናገር ነው የሚጠብቁት። በጺሜና በጥቁር ሹራቤ ለይተውኝ፣ ይህ ምስኪን መርዶውን ብቻውን ሰምቶ፣ አብሮት የሚያለቅስ አጥቶ እንባውን ሲውጥ ሰነበተ ብለው፣ ሰፈሩን ነውር እንዳይነካው ሊያስለቅሱኝ መጥተዋል። ስልጠናው እንደሆነ መጠበቅ አስተምሮኛል። ሁላችንም ቆመን ተጠባበቅን።

በመጨረሻ ኦቦ ደሳለኝ "መምህር፣ እንግዲህ ሰው ሟች ነው" አሉ።

"ወይኔ እናቴን!" ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

"ለካ እናቱ ናቸው" አሉ አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው፣ ከዚያ እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ። እነሱ ማን እንደሞተ ከእኔ ሰሙ፤ እኔ እናቴ መሞቷን ከእነሱ ሰማሁ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት፤ ያቺ የማትደክመው የቴሌ ሴትዮ የደወልኩለት ስልክ ዝግ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚህ በኋላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እድር አልገባሁም ነበር፤ ላጤ ሰው እድር ምን ያደርግለታል ብዬ። ኦቦ ገመቹ ጉዳዩን ቆመው አዩት። "እሱ አባል አይደለም፤ ግቢው ግን አባል ነው" ብለው ፈረዱ፣ ድንኳኑም መጣ። አግዳሚው መጣ፣ ንፍሮው ተጣደ። የኦቦ ደሳለኝ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ኪቦርድ ተሸክመው መጡና በአፋን ኦሮሞ ቀስ ያለ መዝሙር ጀመሩ። ሱቅ ያላቸው አቶ ይልማ ደግሞ አባታቸው ከጎጃም የመጡ ስለሆኑ "የአገሬ ልጅ እናት ያለ ጸሎት አትሸኝም" ብለው ቄስ አመጡ። ቄሱ መዝሙሩ እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆሙ፤ መዘምራኑ ጸሎቱ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፉ። እኔ መሐል ላይ በተውሶ ጋቢ ተጠቅልዬ ለሁለቱም አሜን እላለሁ።

ሰው እየገባ እጄን ይዞ "ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ" ይለኛል፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ነው። ጎረቤት፣ መምህር፣ ባለ ባጃጅ፣ ሽንኩርት የምገዛት ሴት። አዴ ጫልቱ ምግብ አቅርበው እንድቀምስ ይለምኑኛል። እውነቱን ልናገር፤ እያለቀስኩ ሳለሁ አንድ የሚያሳፍር ሐሳብ መጣብኝ። እዚህ ከተማ ስኖር አንድ ሰው እንኳ በልተሃል ወይ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ሰው የማገኘው ለካ እናቴ ስትሞት ነው። ይህን ሳስብ ለእሷ ይሁን ለራሴ ሳላውቅ የባሰ አለቀስኩ።

ረፋዱ ላይ ሰባተኛ ክፍሎቼ ተሰልፈው መጡ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እንደ ክፍሉ ዝም አሉ። ገላኔ ግን ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ብዙ ቆየች። ከዚያ "መምህር፣ እናትህ..." አለችና አረመችው፤ "እናትዎ ምን ትወድ ነበር?"

ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ጎበዝ!" ብዬ አስደነግጣት ነበር። "ሰው መጥራት" አልኳት። "ብቻዋን መብላት አይሆንላትም። ሰው ካጣች በመንገድ የሚያልፈውን ትጠራለች።"

አፌ ሊያጽናናት፣ ሊመክራት፣ ሊያርማት ያሳክከዋል፤ ያዝኩት።

"አባቴ ባለፈው ክረምት ሞተ" አለች እያንዳንዱን ቃል እየፈለገች። "ለቅሶ ላይ ሁሉም ሰው ዝም በይ አለኝ። አታልቅሺ፣ ዝም በይ፣ እናትሽን አታስጨንቂ። እኔ ዝም አልኩ።" የጋቢዬን ጫፍ ያዝ አደረገች። "ከዚያ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። መምህር፣ እርስዎ ግን አልቅሱ።"

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ሌሎቹ ልጆች አግዳሚያቸውን እየጎተቱ ወደ እኛ ተጠጉ፤ አንዱ ስለ ሞተች ላማቸው፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ስለሄደ ወንድሟ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ማውራት ጀመሩ። ስህተታቸውን አልቆጠርኩም። ዓመት ሙሉ ስለምነው የኖርኩት ነገር ድንኳን ሥር መጥቶ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ሐዘንተኛ ነኝና ደስ ሊለኝ አይፈቀድልኝም።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። ጉልበቴ ላይ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አነበቡት፣ ከዚያም ጮክ ብለው "እማዬ ይላል" አሉ።

መዝሙሩ ቆመ። ድንኳኑ በሙሉ ስልኬን አየ። አነሳሁት።

"ልጄ፣ ደውለህ ነበር?" አለች እናቴ። "ስልኬ ሞቶብኝ ነው፤ ገበያ ወጥቼ ማስሞላቴ ነው። ምነው ድምፅህ?"

"እማዬ፣ ኋላ እደውልልሻለሁ" አልኩና ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ አቡነ ዘበሰማያትም ጠፋኝ።

"ታዲያ ማን ሞተ?" አሉ ኦቦ ደሳለኝ።

"እኔ እናንተ የነገራችሁኝ መስሎኝ..."

"እኛ እርስዎ ሰምተው የቻሉት መስሎን..."

"ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብለው፣ ጺምዎን አሳድገው፣ ክፍል ውስጥ እያለቀሱ!" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ስልጠናው ነው!" አልኩ። "ጠይቁና ዝም በሉ ተባልን! እርስዎ አይደሉም የላኩኝ?" ዳይሬክተሩ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። ኦቦ ገመቹ ድንኳኑን ዙሪያውን አዩት። ይህ ድንኳን ሰው ሳይሞት ተተክሎ አያውቅም፤ ሰው ስላልሞተም ቅር ሊሰኙ አይችሉም። መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጫልቱ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ፤ ከእሳቸው ወደ መዘምራኑ፣ ከመዘምራኑ ወደ ልጆቹ ተዛመተ። ቄሱ "በሕይወት ላቆያት ይመስገን" ብለው ጸሎታቸውን አዞሩት፤ መዘምራኑም ፈጠን ያለ መዝሙር አገኙ። ንፍሮው ተበላ። ሐዘን ላይ እንደዚያ የጣፈጠ ንፍሮ በልቼ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ድንኳኑ ተነቅሎ ሄደ። የእውነት ሐዘንተኛ ብሆን ኖሮ ሰው አብሮኝ ያድር ነበር፤ እናቴ ደህና ሆነችና ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ። ግቢው ጭቃ ላይ የአግዳሚዎቹ እግር ምልክት ብዙ ቦታ ታትሞ ቀርቷል። በሬ ላይ ቆሜ አየሁት። እናቴ መኖሯ የሰጠኝ ደስታ እውነት ነው፤ የሰዎቹ መሄድ ያሳዘነኝም እውነት ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም።

ሰኞ ተላጭቼ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ገባሁ። መሳቂያ መሆኔን አውቄዋለሁ። "ያለፈው ሳምንት ጥያቄ አልተመለሰም" አልኩና ዝም አልኩ። ገላኔ እጇን አነሳች።

"መምህር፣ እናትዎ ትናንት ደወለች?"

"አልደወለችም። እኔም ብደውል ስልኳ ተመልሶ ሞቷል፤ የምታስሞላው ቅዳሜ ነው።"

"ታዲያ እሑድ ብቻዎን ምን አደረጉ?"

ክፍሉ ሁሉ መልሴን ጠበቀ፤ ማንም አላቋረጠኝም፣ ማንም አላፈጠጠብኝም። ሽሮ እንደሠራሁ ነገርኳቸው። ከዚያ የኋላው ልጅ ሽሮ ላይ አስተያየት ነበረው፤ የፊቷ ልጅ አልተስማማችም፤ ደወል ተደውሎም አልጨረሱም። ቅጽል ምን እንደሆነ ያን ቀን አላስተማርኩም፤ እነሱ ግን ሽሮዬን የማያስመሰግኑ ብዙ ቅጽሎች ተጠቀሙ።

ቅዳሜ እናቴ ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት። በራሷ ለቅሶ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ማን ማን መጣ አልከኝ?"

"ሰፈሩ ሁሉ።"

"እድሩም?"

"እድሩም። ቄስም፣ መዘምራንም።"

"ልጆቹም?"

"ልጆቹም። አብረውኝ አለቀሱ።"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። "ተመስገን" አለች። "እኔ የምጨነቀው በመሞቴ አልነበረም፤ ልጄ ሲነገረው ማን ይይዘዋል እያልኩ ነበር። በል እንግዲህ፣ እድሩን ግባ። የእውነት ስሞት ድንኳን እንዳትቸገር።"